የማኒላው ዘውድ፦ ሺዬ ጁንና የቻይና አራት ርምጃዎች

ስለ ቻይና በአገራችን ሲጻፍና ሲነገር ወሬው በአብዛኛው ስለ መንገድ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ብድርና ስለ ፋብሪካ ነው። የአገሪቱን አካሄድ የሚያደንቁ ወገኖቻችን «ዕቅድ ያለው መንግሥት ምን እንደሚሠራ እዩ» ይሉናል፤ የማይወዱት ደግሞ «በዕቅዱ ሥር የተቀበረውን ሰው ቁጠሩ» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሷቸው ነገሮች እጅግ ግዙፍ ስለሆኑ የመንግሥት ድርሻ የት ላይ አብቅቶ የግለሰብ ድርሻ የት ላይ እንደሚጀምር ለመለየት አይመቹም። ስለዚህ እኔ ዛሬ ጠባብ ሜዳ መርጫለሁ፤ ስልሳ አራት ካሬዎች ያሉትን የቼዝ ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ የተቀመጠችው ሺዬ ጁን የተባለች ቻይናዊት ግራንድ ማስተር ስትሆን፣ የእርሷ የሕይወት መንገድ ስለ ቻይና መንግሥት አሠራር ከብዙ የኢኮኖሚ ሪፖርት የበለጠ ይናገራል ብዬ አምናለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በ1991 መስከረምና ጥቅምት ላይ በፊሊፒንስ ዋና ከተማ በማኒላ ሁለት ሴቶች ለዓለም የሴቶች የቼዝ ዘውድ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንደኛዋ ጆርጂያዊቷ ማያ ቺቡርዳኒዜ ነበረች፤ በ1978 ገና በ17 ዓመቷ የጨበጠችውን ዘውድ ለ13 ዓመታት ሳታስነካ የኖረች፣ ተፎካካሪዎቿን በየተራ የመለሰች ሴት። ሁለተኛዋ ከቤጂንግ የመጣች፣ ከቼዝ ክበቦች ውጭ ስሟን የሚያውቅ እምብዛም የሌለ የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። በቼዝ ሕግ ያሸነፈ አንድ ነጥብ፣ አቻ የወጣ ግማሽ ነጥብ ያገኛል። ግጥሚያው በ16 ጨዋታዎች እንዲያልቅ ቢታሰብም በ15ኛው ተቋጨ፤ ውጤቱም 8.5 ለ6.5 ሆኖ ዘውዱ ለወጣቷ ተላለፈ። ያ ዓመት እኛ ኢትዮጵያውያን በራሳችን የመንግሥት ለውጥ የምናስታውሰው ነውና ልባችን ሌላ ቦታ ነበር፤ በቼዝ ዓለም ግን ከ1950 ጀምሮ ከሶቪየት ሕብረት እጅ ወጥቶ የማያውቅ ክብር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እስያ አህጉር ምሥራቃዊ ጫፍ ሄደ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት ከማኒላ ሩብ ምዕተ ዓመት ወደኋላ መመለስ ግድ ይላል።

ዓለም የሚጫወተው ቼዝ በቻይና ሥር የሰደደው በ1950ዎቹ ነው። ዘመኑ የቤጂንግና የሞስኮ የፍቅር ዘመን ስለነበር ጨዋታው የገባው እንደ ትራክተሩና እንደ አምስት ዓመቱ ዕቅድ ሁሉ ከሶቪየት ሕብረት ነበር ማለት ይቻላል። በ1956 የመንግሥት የስፖርት ባለሥልጣናት ከአገሬው ጨዋታዎች ጎን በይፋ እውቅና ሰጡት፤ በማግስቱ ዓመት ብሔራዊ ሻምፒዮና ተካሄደ። ይሁን እንጂ አሥር ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው የባህል አብዮት መጣ። በ1966 ቼዝ የባዕድና የቡርዧ መዝናኛ ተብሎ ታገደ፤ እገዳው እስከ 1974 ቆየ። አንድ ትውልድ ተጫዋች የሚጎለምስበትን ጊዜ እንዳለ አጣ። ቼዝን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ከ15 እስከ 23 ዓመት ያለው ዕድሜ ለአንድ ተጫዋች የመዝራትና የማጨድ ወቅት ነውና። ሺዬ ጁን የተወለደችው በዚሁ የእገዳ ዘመን መካከል፣ ጥቅምት 30 ቀን 1970፣ በሄቤይ ክፍለ ሀገር ባኦዲንግ በተባለች ከተማ ሲሆን ያደገችው በቤጂንግ ነው። በተወለደችበት ቀን የኋላ ሙያዋ በአገሯ ክልክል ነበር።

እገዳው ሲነሣ ቻይና ጊዜ አላባከነችም። በ1975 የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን የፊዴ አባል ሆነች። በ1978 በቦነስ አይረስ በተካሄደው የቼዝ ኦሊምፒያድ የወንዶች ቡድኗን ለመጀመሪያ ጊዜ አሰለፈች፤ በዚያም ሊዩ ዌንዠ የተባለ ማዕረግ የሌለው ተጫዋች የሆላንዱን ግራንድ ማስተር ያን ሄይን ዶነርን ገጠመ። ሊዩ በ16ኛው ርምጃ ንግሥቱን መሥዋዕት አድርጎ በ20 ርምጃ ጨዋታውን ጨረሰው። ዶነር በብዕሩም በአንደበቱም የታወቀ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ስለነበር ሽንፈቱ በአውሮፓ የቼዝ ጸሐፊዎች ዘንድ መሳቂያ ሆኖ ሰነበተ። በቻይና ግን ነገሩ የቀልድ ጉዳይ አልነበረም፤ ስምንት ዓመት ተዘግቶ የኖረ ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ ማረጋገጫ ነበር እንጂ። ሊዩ ዌንዠ ከጊዜ በኋላ የአሠልጣኞች አባት ሆነ፤ «የቻይና የቼዝ ትምህርት ቤት» የሚባል የራሱ መንገድ እንዳለ በመጽሐፍ እስከ መሟገትም ደረሰ።

በዚህ ጊዜ አካባቢ ነው ዕቅዱ የተጠነሰሰው። ታን ቺን ናም የተባለ ማሌዢያዊ ባለጸጋ ለቻይና ቼዝ የገንዘብና የግንኙነት ድጋፍ ሲያደርግ የነበረ ሲሆን፣ ዕቅዱም «ትልቁ ዘንዶ» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። ቻይናውያኑ ራሳቸው ጉዞውን በአራት ርምጃዎች ከፍለውታል። የመጀመሪያው የሴቶችን የግል ዘውድ መውሰድ፣ ሁለተኛው የሴቶችን የቡድን ወርቅ፣ ሦስተኛው የወንዶችን የቡድን ወርቅ፣ የመጨረሻው ደግሞ የወንዶችን የግል ዘውድ መጨበጥ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። ከአገሪቱ ሕዝብ መካከል የሚጫወተው በአብዛኛው ወንዱ ሆኖ ሳለ፣ በር የሚከፍቱት ሴቶች እንዲሆኑ ተወሰነ።

ይህ ውሳኔ ለሴቶች መብት ከመቆርቆር የመነጨ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ እኔ አልስማማም። የጦር መሪ ምሽግ ሲመረምር የሚያደርገውን ነው ያደረጉት፤ ጥበቃው የሳሳበትን በር ፈለጉ። በወንዶች ቼዝ ውስጥ በሺሕ የሚቆጠሩ ጠንካራ ተጫዋቾች፣ የመቶ ዓመት ጽሑፍና ልምድ ተደራርቦ ነበር። በሴቶች ዘንድ ግን ከላይ ያሉት ጥቂት አሥር ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከአንድ አገር። በሌሎች ስፖርቶችም ተመሳሳይ ስሌት ፍሬ አፍርቶ ነበር። የቻይና የሴቶች የመረብ ኳስ ቡድን በ1981 የዓለም ዋንጫን ካነሣ በኋላ በተከታታይ አምስት ዓለም አቀፍ ክብሮችን ሰብስቧል። ቻይናውያን የስፖርት ጸሐፊዎች ለዚህ ሁኔታ በግማሽ ምጸት የሚጠቀሙበት አባባል አላቸው፤ «ዪን» (የሴት ወገኑ) ሲያብብ «ያንግ» (የወንድ ወገኑ) ይጠወልጋል የሚል።

የሳሳ በር አልኩ እንጂ በሩ ክፍት ነበር አላልኩም። በሩ ላይ የቆመችው ጆርጂያ ነበረች። ኖና ጋፕሪንዳሽቪሊ በ1962 ዘውዱን ከወሰደች ወዲህ እስከ 1991 ድረስ ለ29 ዓመታት ከሁለት ጆርጂያውያት እጅ አልወጣም። አገሯ ትንሽ ናት፤ በዚያች ትንሽ አገር ግን ለሙሽራ ከሚሰጡ የጥሎሽ ዕቃዎች መካከል የቼዝ ሰሌዳ እንደነበረ ይነገራል። የሶቪየት መንግሥት ገንዘቡንና አሠልጣኙን አቀረበ፤ ጆርጂያውያቱ ደግሞ ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ፍቅር ነበራቸው። ቻይናውያኑ ሊያፈርሱት የተነሡት ይህን ሁለት ንብርብር ያለው ግንብ ነው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ሺዬ ጁን በስድስት ዓመቷ የተማረችው እኛ የምናውቀውን ቼዝ ሳይሆን ሺያንግቺ የሚባለውን የቻይና ቼዝ ነበር። በዚህ ጨዋታ በሰሌዳው መካከል «ወንዝ» ያልፋል፤ ጄኔራሉ (የእነርሱ ንጉሥ) ከትንሽ ግቢው መውጣት አይችልም፤ መድፍ የሚባል ከፊቱ ያለን ሰው ዘልሎ የሚመታ ተዋጊም አለ። ልጅቷ በአሥር ዓመቷ የቤጂንግ የልጃገረዶች የሺያንግቺ ሻምፒዮን ሆነች። እንግዲህ በዚህን ጊዜ ነው ባለሥልጣናቱ ጣልቃ የገቡት። ያቺ ልጅ ወደ ዓለም አቀፉ ቼዝ እንድትዛወር ፈለጉ፤ ተዛወረችም።

እዚህ ላይ አንባቢዬን ትንሽ ላቁምና ከቤታችን ምሳሌ ላንሣ። እኛም የራሳችን ቼዝ ነበረን። ነገሥታቱና መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ከአውሮፓው ጨዋታ በብዙ ነገር ይለያል፤ በተለይ በመነሻው «ወረራ» በሚባለው ምዕራፍ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ የመጀመሪያው ተዋጊ እስኪበላ ድረስ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ ወዲህ እየከሰመ ሄደ። የሰንጠረዥ ጎበዝ የነበረን አንድ ልጅ አይቶ «ይህ አእምሮ ለዓለም አቀፉ ሰሌዳ ይሆናል» ያለ የመንግሥት ሹም በታሪካችን መኖሩን አላነበብኩም። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም፤ የቻይናው አሠራር ምን ያህል እንግዳ እንደነበር ለማሳየት ነው። በአንድ ከተማ የልጆች ውድድር ላይ ያሸነፈችን የአሥር ዓመት ልጅ ከምትወደው ጨዋታ አንሥቶ ወደማታውቀው ማሻገር የሚችል መንግሥት ዓይኑ ሩቅ ያያል፣ እጁም ሩቅ ይደርሳል። ስለ ዓይኑ ባደንቅም ስለ እጁ እርግጠኛ አይደለሁም።

በአዲሱ ሰሌዳ ላይ ለመድመቅ ብዙ አልቆየችም። በ1984 የቻይና ልጃገረዶች ሻምፒዮን ሆነች። በ1988 በአውስትራሊያዋ አዴሌይድ በተካሄደው የዓለም ወጣት ልጃገረዶች ሻምፒዮና ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ያለውን ደረጃ ከሌሎች ጋር ተጋራች። አጨዋወቷ ከአገሯ መንግሥት አሠራር ጋር የሚቃረን መምሰሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ዕቅዱ ቀዝቃዛና የተሰላ ሲሆን፣ ልጅቷ ግን ማጥቃት የምትወድ፣ በሰሌዳው ላይ እሳት ለኩሳ ውጤቱን በደስታ የምትጠባበቅ ተጫዋች ነበረች። መንፈሷም ብሩህ ነበር፤ ሲሸነፉ ፊታቸው ከሚጨልምባቸው ወገን አልነበረችም።

በ1990 ለዘውዱ ተፎካካሪ የምትሆነውን ለመምረጥ የተዘጋጀው ውድድር የተካሄደው በጆርጂያዋ የመዝናኛ ከተማ በቦርዦሚ፣ ማለትም በግንቡ ውስጥ ነበር። ሺዬ ጁን በዚያ ከዩጎዝላቪያዋ አሊሳ ማሪች ጋር እኩል ነጥብ ይዛ አንደኛ ወጣች። ሁለቱን ለመለየት በ1991 መጀመሪያ ከፊሉ በቤልግሬድ ከፊሉ በቤጂንግ በተካሄደ ግጥሚያ 4.5 ለ2.5 አሸነፈች። ከዚያ በኋላ ማኒላ።

ግጥሚያው በማኒላ መካሄዱ ራሱ የዘመኑን ፖለቲካ ያሳያል። የፊዴ ፕሬዚዳንት በዚያን ጊዜ ፊሊፒናዊው ፍሎረንሲዮ ካምፖማኔስ ነበር፤ የቼዝ ገንዘብና ሥልጣን ከአውሮፓ ወደ እስያ መጠጋት የጀመረው በእርሱ ዘመን ነው። በሌላ በኩል የሻምፒዮኗ አገር በእግሯ መቆም አቅቷት ነበር። ጆርጂያ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ነፃነቷን አወጀች፤ በነሐሴ በሞስኮ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ፤ ግጥሚያው ከተጠናቀቀ ከሁለት ወር በኋላ ሶቪየት ሕብረት ራሷ ከካርታ ጠፋች፤ የትብሊሲ ጎዳናዎችም የጦር ሜዳ ሆኑ። ቺቡርዳኒዜ በሰሌዳው ላይ ያለችውን ንጉሥ ስትጠብቅ ከኋላዋ ያለው ቤት እየፈረሰ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥተው «ሺዬ ጁን ያሸነፈችው የሶቪየትን መፍረስ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ አነጋገር ሚዛን የጎደለው ይመስለኛል። ጆርጂያውያቱ ከዚያ በኋላም በ1992፣ በ1994 እና በ1996 ሦስት ተከታታይ የኦሊምፒያድ ወርቅ ወስደዋል፤ ቻይናውያቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስተኛ፣ በመጨረሻው ሁለተኛ ሆነው ነው የጨረሱት። አገራቸው በጦርነትና በጨለማ ውስጥ ሳለች ወርቅ ማምጣት የቻሉ ሴቶች በ1991 ደካሞች ነበሩ ማለት አይቻልም። ቺቡርዳኒዜን ያሸነፋት ታሪክ አይደለም፤ በ15 ጨዋታዎች የበለጠች ተጫዋች ነች።

ይሁን እንጂ ያቺ ተጫዋች ብቻዋን አልነበረችም፤ ጽሑፌም ያተኮረበት ነገር ይኸው ነው። በቻይና አሠራር ለዘውድ የታጨችን ሴት ለማዘጋጀት የአገሪቱ ምርጥ ወንድ ተጫዋቾች ይመደባሉ። የልምምድ ጨዋታ ይጫወቷታል፤ መክፈቻዎችን ያጠኑላታል፤ ተፎካካሪዋን መስለው ፊት ለፊቷ ይቀመጣሉ፤ በዚያ ዘመን ገና በነበረው ልማድ መሠረት ጨዋታ ተቋርጦ ለነገ ሲያድር ሌሊቱን ሲተነትኑ ያነጋሉ። ከሺዬ ጁን አሠልጣኞች መካከል ዬ ጂያንግቹዋን ይገኝበታል። ይህ ሰው ዓለም አቀፉን ቼዝ የጀመረው በ17 ዓመቱ ነው፤ በቼዝ ዓለም ይህ ለሥራ መዘግየት ሳይሆን ለጡረታ መቅረብ የሚባልበት ዕድሜ ነው። እንዲያም ሆኖ ሰባት ጊዜ የቻይና ሻምፒዮን ለመሆን በቃ፤ የግራንድ ማስተርነትን ማዕረግም አገኘ። ለራሱ ጨዋታ ሊያውለው ይችል ከነበረው ጉልበት ምን ያህሉን ለሌላ ሰው ዘውድ እንዳዋለ የሚነግረን የነጥብ ሠንጠረዥ የለም። ያለው ሠንጠረዥ የሚያሳየው የሁለት ሴቶችን ስምና የ15 ጨዋታ ውጤት ብቻ ነው።

አንዳንድ ምዕራባውያን ጸሐፊዎች ይህን ሲያነሡ ድሏን ለማሳነስ ነው። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። የሶቪየት ሻምፒዮኖችም ቢሆኑ ብቻቸውን ተቀምጠው አያውቁም፤ ከኋላቸው ሙሉ የተንታኝ ቡድን ነበር። የቻይናው ልዩነት የትኛውን መሰላል ከየትኛው ግድግዳ ጋር እንዳስጠጋ ነው። የበላይ ሆነው የሚታዩት ወንዶች የሴቷ መወጣጫ እንዲሆኑ ማዘዝ፣ እነርሱም እሺ ማለታቸው፣ በብዙ ኅብረተሰብ ዘንድ የሚታሰብ አይደለም፤ የእኛን ጨምሮ። እሺታው ምን ያህል ከልብ፣ ምን ያህል ከትእዛዝ እንደሆነ ግን ዕቅድ አድናቂዎች ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ ነው።

በ1993 በሞናኮ ሌላዋ ጆርጂያዊት ናና ዮሴሊያኒ ዘውዱን ለማስመለስ መጣች። 8.5 ለ2.5 ተሸንፋ ሄደች። በዚህ ዓይነት ልዩነት የተቋጨ የዘውድ ግጥሚያ ጥቂት ነው። በእነዚህ ዓመታት ሺዬ ጁን የወንድ ሴት ሳይለይ የሚሰጠውን የግራንድ ማስተርነት ማዕረግም ጨበጠች፤ እስከዚያን ጊዜ ይህን ማዕረግ ያገኙት የዓለም ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከዚያ ፖልጋር መጣች።

ሱዛን ፖልጋር የሺዬ ጁን ፍጹም ተቃራኒ ነበረች። አባቷ ላስሎ ፖልጋር «ልጅ በትምህርት ይሠራል» የሚል የጸና እምነት የነበረው ሀንጋሪያዊ መምህር ሲሆን፣ ሦስት ሴት ልጆቹን ትምህርት ቤት ሳይልክ ቤቱ ውስጥ በቼዝ አሳደጋቸው። ለዚህም ከሶሻሊስቱ የሀንጋሪ መንግሥት ጋር ብዙ ተሟግቷል። ስለዚህ በ1996 በስፔኗ ሃኤን ከተማ ሰሌዳው ፊት የተቀመጡት አንዷ መንግሥት መርጦ ያሠለጠናት፣ ሌላዋ ቤተሰቧ ከመንግሥት ጋር እየታገለ ያሠለጠናት ሴቶች ነበሩ። ፖልጋር 8.5 ለ4.5 አሸነፈች። የቤተሰቡ ሳሎን የመንግሥቱን አዳራሽ ረታው ብሎ መደምደም ደስ ይላል፤ ሆኖም የፖልጋር ቤትም ቢሆን በአባት የተነደፈ ዕቅድ የሚገዛው ትንሽ መንግሥት አልነበረምን? ልጆቹ ተጠይቀው ነበር?

ቀጥሎ የሆነው ነገር ለማንም ክብር የሚጨምር አይደለም። በ1997 መጨረሻ በሆላንድ ግሮኒንገን በተካሄደው የተፎካካሪዎች ውድድር ሩሲያዊቷ አሊሳ ጋሊያሞቫ አንደኛ፣ ሺዬ ጁን ሁለተኛ ወጡ። ሁለቱ እርስ በርስ ተጋጥመው ከፖልጋር ጋር የምትፋለመው እንድትለይ ተብሎ ነበር፤ ግጥሚያው በሙሉ በቻይና ይሁን ሲባል ጋሊያሞቫ እምቢ አለች፤ ሺዬ ጁን በፎርፌ አለፈች። ከዚያ ደግሞ ፊዴ ለዋናው ግጥሚያ ገንዘብና ስፍራ ሳያገኝ ጊዜው ነጎደ። በ1999 ፖልጋር ልጅ ወለደች፤ ለመዘጋጀት ጊዜ ጠየቀች፤ በሌሎች ሁኔታዎችም ላይ ተቃውሞ አሰማች። ፊዴ ዘውዱን ነጠቃትና በፎርፌ የወደቀችውን ጋሊያሞቫን ከመቃብር አውጥቶ ከሺዬ ጁን ጋር ለሻምፒዮንነት አጋጠማቸው። ግጥሚያው ለሁለት ተከፍሎ በካዛንና በሼንያንግ ተካሄደ፤ ካዛን የጋሊያሞቫ የትውልድ ከተማ ነች። ሺዬ ጁን 8.5 ለ6.5 አሸንፋ ዘውዷን መለሰች።

ስለዚህ ድል ያለኝን አስተያየት አልደብቅም። በሰሌዳው ላይ ያገኘችው ንጹሕ ነው፤ ወደ ሰሌዳው ያደረሳት መንገድ ግን ንጹሕ አይደለም፤ ጥፋቱም የእርሷ አይደለም። ሻምፒዮን ስትወልድ ዘውዷን የሚነጥቅ ፌዴሬሽን የሴቶች ቼዝ ጠባቂ ነኝ ማለት አይችልም። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ሌላዋ ቻይናዊት ሹ ዩሁዋ ነፍሰ ጡር ሆና ተጫውታ የዓለም ሻምፒዮን መሆኗን ሳስብ ደግሞ አለመጠየቋ ይሻል ነበር ወይስ የፖልጋር መጠየቅ ይሻል ነበር የሚለው ለእኔ መልስ የለውም።

በ2000 ፊዴ የዘውዱን ሥርዓት ለወጠው። የሁለት ሰዎች ረጅም ግጥሚያ ቀርቶ በኒው ዴልሂ የጥሎ ማለፍ ውድድር ተደረገ። ለፍጻሜ የደረሱት ሺዬ ጁንና የአገሯ ልጅ ቺን ካንዪንግ ነበሩ፤ 2.5 ለ1.5 አሸነፈች። ግንቡን ለማፍረስ የተነሣው ዕቅድ በአሥር ዓመት ውስጥ በፍጻሜው ክፍል ከሁለቱም ወገን የራሱን ልጆች አስቀመጠ።

ሁለተኛው ርምጃም ቢሆን ተፈጽሞ ነበር። በ1998 በሩሲያ በኤሊስታ በተካሄደው ኦሊምፒያድ የቻይና ሴቶች ሺዬ ጁንን በአንደኛ ሰሌዳ አሰልፈው የመጀመሪያውን የቡድን ወርቅ ወሰዱ። በ2000፣ በ2002 እና በ2004 ደገሙት፤ እርሷም በ2000 እና በ2004 አብራ ነበረች። በዚህ መካከል ግን ልቧ ወደ ሌላ ነገር እያዘነበለ ነበር። በቤጂንግ ኖርማል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ትምህርቷን እስከ ዶክትሬት ድረስ ቀጠለች፤ ቀስ በቀስም ከውድድር ርቃ በዋና ከተማዋ የስፖርትና የትምህርት ተቋማት ውስጥ በኃላፊነት መሥራት ጀመረች። በሥርዓቱ ተመርጣ የገባችው ልጅ በራሷ ምርጫ ተማሪ ሆነች፤ ከዚያ ራሷ ከመራጮቹ ወገን ተቀመጠች። ይህን የመጨረሻውን ለውጥ እንደ ድል ልቁጠረው ወይስ እንደ መዋጥ፣ ሁለቱንም ሞክሬ ሁለቱም አልተመቸኝም።

ከእርሷ በኋላ የመጡት ሴቶች ታሪክ ክርክሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። ዡ ቼን በ2001 ዘውዱን ወሰደች፤ ከኳታራዊ ግራንድ ማስተር ጋር ትዳር መሥርታ ኋላ ለኳታር መጫወት ጀመረች። ሆው ዪፋን በ2010 በ16 ዓመቷ ሻምፒዮን ሆነች፤ ከዚያ የሴቶችን የዘውድ ሥርዓት አልወደድኩትም ብላ በ2017 ሳትሸነፍ ተወችው፤ ወደ ኦክስፎርድ ሄዳ ተማረች፤ በ2020 በሼንዘን ዩኒቨርሲቲ በ26 ዓመቷ ፕሮፌሰር ሆነች። በሺዬ ጁን ዘመን አንዲት ሻምፒዮን ዘውዷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «ይኸው ውሰዱት» ብላ መሄድ ትችል ነበር ብዬ አላምንም። በዚህ ረገድ ቻይና ተለውጣለች፤ ወይም ቢያንስ ለታዋቂዎቿ ተለውጣለች።

ሦስተኛው ርምጃ በ2014 በኖርዌይ በትሮምሶ ተፈጸመ፤ የወንዶች ቡድን ወርቅ አገኘ። በ2018 በባቱሚ ሁለቱም ቡድኖች በአንድ ላይ ወርቅ ወሰዱ፤ ባቱሚ ያለችው በጆርጂያ ነው። አራተኛው ርምጃ ከማኒላ 32 ዓመት በኋላ በ2023 በካዛኪስታን አስታና ደረሰ። ዲንግ ሊረን ከሩሲያዊው ያን ኔፖምኒያሺ ጋር 7 ለ7 ከተለያየ በኋላ በፈጣን ጨዋታ 2.5 ለ1.5 አሸንፎ የመጀመሪያው ቻይናዊ የወንዶች የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ዕቅዱ ሙሉ በሙሉ ተፈጸመ ማለት ነው። ነገር ግን የዲንግ አገባብ ዕቅዱን የሚመስል አልነበረም። ወደ ተፎካካሪዎች ውድድር የገባው ሩሲያዊው ሰርጌይ ካርያኪን የዩክሬኑን ጦርነት በመደገፉ ታግዶ ቦታ ስለተለቀቀ ነው። በአስታና ዋና ረዳቱ ሆኖ ጎኑ የተቀመጠውም ከቤጂንግ አዳራሽ የተመደበ ሰው ሳይሆን ሀንጋሪያዊው ጓደኛው ሪቻርድ ራፖርት ነበር። ዘውዱን ከጫነ በኋላ ዲንግ በድብርት መታመሙን በአደባባይ ተናገረ፤ ለወራት ከውድድር ራቀ፤ በ2024 ታኅሣሥ በሲንጋፖር በመጨረሻው ጨዋታ በሠራው አንድ ስሕተት ለ18 ዓመቱ ሕንዳዊ ለዶማራጁ ጉኬሽ ዘውዱን አስረከበ። የወንዶቹ ክብር በቻይና የቆየው 20 ወር ገደማ ነው።

የሴቶቹ ግን እዚያው ነው። ከ2016 ወዲህ ከቻይና አልወጣም። በ2025 ሚያዝያ በሻንግሃይና በቾንግቺንግ በተካሄደው የዘውድ ግጥሚያ ጁ ዌንጁን የአገሯን ልጅ የቀድሞዋን ሻምፒዮን ታን ዦንግዪን 6.5 ለ2.5 አሸንፋለች። ከሺዬ ጁን ጀምሮ ሲቆጠሩ ስድስት ቻይናውያት ይህን ዘውድ ጭነዋል፤ የመጀመሪያዋ ወደ ሰሌዳው በመጣች ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ትወደው የነበረው ጨዋታም ሺያንግቺ ነበር።